ኒንቴንዶ ስዊች ልትገዙ ነው? ከድሮውና ከአዲሱ የቱ ይሻላችኋል?

እኛ ቤት በደረሰው እንጀምር። ሦስት ወንድማማቾች ገንዘብ አዋጣንና ከዱባይ ለምትመጣው አክስታችን «አክስቴ፣ ኒንቴንዶ ስዊች ግዢልን» ብለን ቴክስት ላክንላት። እሷም ያልናትን አደረገች። ሱቅ ገብታ «ስዊች» አለች፤ ሻጩ የሚያምር ቢጫ ኮንሶል አውጥቶ ሰጣት። ዕቃው ቤት ሲገባ ካርቶኑን አገላብጠን ቲቪ ላይ የሚሰካውን ገመድ ፈለግን። የለም። ለካ የመጣልን ስዊች ላይት ነው፤ ላይት ደግሞ ቲቪ ላይ ጨርሶ አይሰራም። ቅዳሜ ማታ ሳሎን ተሰብስበን ልንጫወት ያሰብን ሰዎች በ5.5 ኢንች ስክሪን ተራ ስንጠባበቅ ከረምን።

አክስታችን ምንም አላጠፋችም። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ «ስዊች» የአንድ ዕቃ ስም መስሎን ነበር።

እዚያው ያለ ሰው ተሳስቶ ቢገዛ ደረሰኙን ይዞ ሄዶ ይቀይራል። እኛ ጋ ግን ዕቃው አንዴ ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ከመጣ መመለሻ የለውም። የኩባንያው የጥገና ማዕከልም እዚህ የለም። ስለዚህ «አዲሱ ነው ወይስ የድሮው የሚሻለው?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን አይበቃም። በአቅም አዲሱ ይበልጣል፤ እሱ ላይ ክርክር የለም። ዋናው ጥያቄ ግን የቱ ነው እናንተ ቤት፣ በእናንተ ኢንተርኔትና በእናንተ መብራት በደንብ የሚሰራው የሚለው ነው። ይህን ጽሑፍ ሴቭ አድርጉትና ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አንብቡት።

1. መጀመሪያ ስማቸውን እንለይ

«ስዊች» ተብለው የሚሸጡት አምስት ናቸው። (ቀኖቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

▪️ የመጀመሪያው ስዊች፦ ማርች 2017 ወጣ። 6.2 ኢንች ኤልሲዲ ስክሪንና 32 ጊጋባይት የውስጥ ሜሞሪ አለው። በእጅም በቲቪም ይሰራል። ባትሪው እንደ ጌሙ ክብደት ከ2.5 እስከ 6.5 ሰዓት ይቆያል።

▪️ የተሻሻለው ስዊች፦ 2019 ላይ ወጣ። ስሙም መልኩም ከመጀመሪያው ጋር አንድ ነው። የተለወጠው ውስጡ ነው፤ ባትሪው ከ4.5 እስከ 9 ሰዓት ይሄዳል።

▪️ ስዊች ላይት፦ ሴፕቴምበር 2019 ወጣ። 5.5 ኢንች ስክሪን ያለው፣ 275 ግራም የሚመዝን ትንሹ ነው። የእጅ መቆጣጠሪያዎቹ አይነቀሉም፣ ቲቪ ላይም አይሰራም። ባትሪው ከ3 እስከ 7 ሰዓት ነው።

▪️ ስዊች ኦሌድ፦ ኦክቶበር 2021 ወጣ። 7 ኢንች ኦሌድ ስክሪንና 64 ጊጋባይት አለው። ባትሪው ከ4.5 እስከ 9 ሰዓት ነው።

▪️ ስዊች 2፦ ጁን 5 ቀን 2025 ወጣ። 7.9 ኢንች፣ 1080ፒ፣ እስከ 120 ኸርዝ የሚደርስ ኤልሲዲ ስክሪንና 256 ጊጋባይት አለው። ባትሪው ከ2 እስከ 6.5 ሰዓት ነው።

የመጨረሻዋን መስመር መልሳችሁ አንብቡት። አዲሱ ስዊች 2 ከኦሌድም፣ ከ2019ኙ ስዊችም ባነሰ ሰዓት ባትሪው ያልቃል። ትልቅ ስክሪንና ጠንካራ ፕሮሰሰር ባትሪ ይበላሉ። መብራት በየቀኑ በሚሄድበት ሰፈር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

2. የድሮዎቹ ውስጣቸው አንድ ነው

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ኦሌድ ከተራው ስዊች በኋላ ስለወጣ የሚፈጥን ይመስለዋል። አይፈጥንም። ተራው፣ ላይትና ኦሌድ ጌም የሚያጫውቱበት አቅም አንድ ነው። በአንዱ የሚንተፋተፍ ጌም በሌላውም ይንተፋተፋል። በእጅ ስትጫወቱ ሦስቱም 720ፒ ናቸው፤ ቲቪ ላይ የሚሰሩት ሁለቱ ደግሞ እስከ 1080ፒ ይወጣሉ።

ታዲያ ኦሌድ የሚጨምረው ምንድን ነው? በዋናነት ስክሪኑን ነው። ጥቁሩ የእውነት ጥቁር ነው፣ ቀለሙም ደማቅ ነው። ከኋላ ያለው መደገፊያ ሰፊ ስለሆነ ጠረጴዛ ላይ ሲቆም አይወድቅም። ከቲቪ ጋር የሚያገናኘው ዶክ የኢንተርኔት ገመድ መሰኪያ አለው። የውስጥ ሜሞሪውም እጥፍ ነው።

ከዚህ የምናገኘው ምክር ቀላል ነው። አብዛኛውን ጊዜ በእጃችሁ የምትጫወቱ ከሆነ ኦሌድ ተጨማሪ ብር ይገባዋል። ሁልጊዜ ቲቪ ላይ የምትጫወቱ ከሆነ ግን ለማታዩት ስክሪን ነው የምትከፍሉት፤ የ2019ኙ ተራ ስዊች ይበቃችኋል።

3. ስዊች 2 ምን ይጨምራል፣ ምን ያስከፍላል?

የሚጨምረው ብዙ ነው። ቲቪ ላይ እስከ 4ኬ ይወጣል። መቆጣጠሪያዎቹ በማግኔት ነው የሚጣበቁት፤ ጠረጴዛ ላይ እንደ ማውስም ይሰራሉ። የድሮው ስዊች የማይችላቸውን እንደ ሳይበርፓንክ 2077 ያሉ ከባድ ጌሞች ያጫውታል። ማሪዮ ካርት ወርልድና ዶንኪ ኮንግ ባናንዛ የሚሰሩት እሱ ላይ ብቻ ነው። ትልቁ ነገር ደግሞ አብዛኞቹን የድሮ ስዊች ካርዶች መቀበሉ ነው። የተገላቢጦሹ ግን አይሰራም፤ የስዊች 2 ካርድ የድሮው ስዊች ላይ አይጫወትም።

ከኮንሶሉ ዋጋ ውጪ ያሉት ወጪዎች እነዚህ ናቸው፦

▪️ ሜሞሪ ካርድ። ስልካችሁ ላይ ያለው ተራ ማይክሮ ኤስዲ የድሮው ስዊች ላይ ይሰራል። ስዊች 2 ጌም የሚጭነው ማይክሮ ኤስዲ ኤክስፕረስ በሚባለው ላይ ብቻ ነው። እሱ ዋጋው ውድ ነው፤ እዚህም እንደ ልብ አይገኝም።

▪️ ቻርጀር። የድሮው ስዊች ቻርጀር ስዊች 2ን ቲቪ ላይ ለማጫወት አቅሙ አይበቃም፤ 60 ዋት ያስፈልጋል። ያገለገለ ስዊች 2 ስትገዙ የራሱ ቻርጀርና ዶክ አብሮት መኖሩን አረጋግጡ።

▪️ ጌሙ። ማሪዮ ካርት ወርልድ አሜሪካ ውስጥ የወጣበት ዋጋ 80 ዶላር ነው። የድሮው ስዊች ጌሞች ግን ዓመታት ስላስቆጠሩ ያገለገለ ካርድ እንደ ልብ ይገኛል።

▪️ የመጀመሪያው ቀን ኢንተርኔት። ስዊች 2 የድሮ ካርዶችን ለማጫወት በመጀመሪያ ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝቶ አፕዴት መደረግ አለበት። የሚያመጣላችሁ ሰው ዋይፋይ ያለበት ቦታ ከፍቶ አፕዴት ቢያደርግላችሁ ግልግል ነው።

ዋጋውንም እንይ። አሜሪካ ውስጥ ሲወጡ ተራው 300፣ ላይት 200፣ ኦሌድ 350፣ ስዊች 2 ደግሞ 450 ዶላር ነበሩ። ዕቃ ሲያረጅ ይረክሳል ብለን እንጠብቃለን፤ እዚህ ግን የሆነው ሌላ ነው። ኦገስት 2025 ላይ የድሮዎቹ ጨመሩ፤ ተራው 340፣ ላይት 230፣ ኦሌድ 400 ገቡ። በዚያን ጊዜ በአዲስ ኦሌድና በስዊች 2 መካከል የቀረው ልዩነት 50 ዶላር አካባቢ ነበር። ስለዚህ በካርቶን የታሸገ አዲስ ዕቃ ከአሜሪካ ሊመጣላችሁ ከሆነ ስዊች 2ን ማሰብ ተገቢ ነው። የድሮው ስዊች ትርፉ ያለው ያገለገለውን በጥሩ ዋጋ ስታገኙት ነው።

4. ካርድ ሁሉ ጌም አይደለም

ስዊች 2 ላይ ብዙዎችን የሚያናድደው ይሄ ነው። አንዳንድ ካርዶች ውስጣቸው ጌሙ የለም። ጌም-ኪ ካርድ ይባላሉ። ካርዱ ቁልፍ ብቻ ነው፤ ስትሰኩት ጌሙን በሙሉ ከኢንተርኔት ታወርዳላችሁ። አንዴ ከወረደ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ትጫወታላችሁ፣ ካርዱ ግን ሁልጊዜ መሰካት አለበት።

ስትሪት ፋይተር 6 ለምሳሌ እንዲህ ነው የሚሸጠው። ማሪዮ ካርት ወርልድ፣ ዶንኪ ኮንግ ባናንዛና ሳይበርፓንክ 2077 ደግሞ ጌሙ ራሱ ካርዱ ላይ አለ። መለየቱ ከባድ አይደለም። ጌም-ኪ ካርድ ከሆነ በካርቶኑ ፊት ለፊት ከታች በኩል የቁልፍ ምልክት አለ፣ ስንት ጊጋባይት ቦታ እንደሚፈልግም ተጽፏል። ቁጥሩን ከዳታ ፓኬጃችሁ ጋር አስተያዩት። ገደብ የሌለው ዋይፋይ ቤታችሁ ካለ ችግር የለውም። በሞባይል ዳታ የምትኖሩ ከሆነ ግን ጌሙን ሁለቴ ነው የምትገዙት፤ አንዴ ከሱቅ፣ አንዴ ከቴሌኮም።

የድሮው ስዊች ጌሞች አብዛኞቹ ካርዱ ላይ ናቸው። ሰክቶ መጫወት ነው። እዚያም ግን ካርቶን ውስጥ ኮድ ብቻ ያለባቸው ወይም ከፊሉን አውርዱ የሚሉ አሉ፤ የካርቶኑን ጽሑፍ አንብቡ።

በኢንተርኔት ለሚገዙም አንድ ቃል። ኢትዮጵያ የኒንቴንዶ ኢሾፕ ካለባቸው አገሮች ውስጥ የለችም። እዚህ ያለ ሰው አካውንት ሲከፍት ሌላ አገር ይመርጣል፤ ከዚያ የሚገዛው ጊፍት ካርድ የዚያው አገር መሆን አለበት። የአሜሪካ ካርድ የአውሮፓ አካውንት ላይ አይገባም።

5. የጃፓኑ ርካሽ ስዊች 2

«ጃፓን ሰው አለኝ፣ እዚያ በጣም ይረክሳል» የሚል ሰው ካለ ቆም ይበል። ጃፓን ውስጥ ስዊች 2 በሁለት ዓይነት ይሸጣል። 2025 ላይ ሲወጣ 49,980 የን የነበረው በጃፓንኛ ብቻ የሚሰራ ነው። ቋንቋውን ወደ እንግሊዝኛ መቀየር አይቻልም፣ የሚቀበለውም አገሩ ጃፓን የሆነ አካውንት ብቻ ነው። ሁሉንም ቋንቋ የሚችለው ሲወጣ 69,980 የን ነበር። ጃፓንኛ ካላነበባችሁ ርካሹ አይጠቅማችሁም። ያገለገለ ስዊች 2 እዚህ «በቅናሽ» ከቀረበላችሁም መጀመሪያ ከፍታችሁ የቋንቋ ዝርዝሩን እዩ።

የጌም ካርዶችን በተመለከተ ግን ጭንቀት የለም። ከዱባይ፣ ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ የተገዛ ካርድ በየትኛውም ስዊች ላይ ይሰራል።

6. ቻርጀሩና መብራቱ

ከአሜሪካ ሲመጣ «110 ቮልት ነው፣ ትራንስፎርመር ግዙ» የሚሉ አሉ። ኦሪጅናል ቻርጀሩ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል። የሚያስፈልጋችሁ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ግን ዕቃውን ከሶኬት ንቀሉት፤ ሲረጋጋ መልሳችሁ ሰኩት።

ሁሉም ሞዴሎች በዩኤስቢ-ሲ ነው ቻርጅ የሚደረጉት። ስለዚህ ጥሩ ፓወር ባንክ ያለው ሰው በእጁ ይዞ መጫወት ይችላል። ለረጅም ጊዜ ሳትጫወቱ ብታስቀምጡትም ቢያንስ በየስድስት ወሩ ቻርጅ አድርጉት፤ ባትሪው ሙሉ በሙሉ አልቆ ከከረመ ላይነሳ ይችላል። 2017 ላይ ተገዝቶ መሳቢያ ውስጥ የተረሳ ስዊች በርካሽ ሲቀርብላችሁ ይሄን አስታውሱ።

7. ያገለገለ ስትገዙ፦ የሩብ ሰዓት ፍተሻ

ሻጩ ቸኩሎ ቢሆንም እናንተ አትቸኩሉ። ስትሄዱ አንድ የጌም ካርድና ዳታ ያለው ስልክ ያዙ።

✅ ሴሪያል ቁጥሩን አንብቡ። ተራ ስዊች ከሆነ ከታች በኩል ተጽፏል። ሁለተኛው የእንግሊዝኛ ፊደል «ኤ» ከሆነ የ2017ቱ ነው፣ «ኬ» ከሆነ ባትሪው የተሻሻለው የ2019ኙ ነው። ሻጩ «አዲሱ ነው» ቢላችሁም ፊደሉን እመኑ። ሁለቱ በአንድ ዋጋ ከቀረቡ ሁልጊዜ «ኬ»ን ውሰዱ።

✅ ስቲኮቹን ፈትሹ። በአውራ ጣት የሚገፉት ስቲኮች የስዊች የታወቀ በሽታ ናቸው። ሳትነኩት ገጸ ባህሪው ብቻውን ይሄዳል፤ «ድሪፍት» ይባላል። የኩባንያው ፕሬዝዳንት ሹንታሮ ፉሩካዋ 2020 ላይ ለተቸገሩ ደንበኞች ይቅርታ ጠይቀዋል። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የመቆጣጠሪያዎችን ዝርዝር ክፈቱ፣ ስቲክ ማስተካከያውን ምረጡ። ሳትነኩት ነጥቡ መሃል ላይ ቁጭ ካላለ ስቲኩ ታሟል። በተራውና በኦሌድ ላይ ጆይ-ኮኑን ነቅሎ መቀየር ይቻላል። በላይት ላይ ግን ስቲኩ ከኮንሶሉ ጋር አንድ ስለሆነ ኮንሶሉ ራሱ ይፈታል። ስዊች 2ም ከዚህ ነፃ ነው ብላችሁ አታስቡ፤ ድሪፍትን ይቀንሳል የሚባለው ማግኔት ሴንሰር ያለው ስቲክ እሱም የለውም።

✅ ካርድ ሰኩ። ያመጣችሁት ጌም መከፈት አለበት። የካርድ ማንበቢያው ከተበላሸ ሌላው ሁሉ ዋጋ የለውም።

✅ ቲቪ ላይ ሰኩ። «ቲቪ እዚህ የለም» ካለ ቲቪ ያለበት ቦታ ሂዱ። ጆይ-ኮኖቹንም ነቅላችሁ መልሳችሁ አስገቡ።

✅ ሆትስፖት ክፈቱና ኢሾፕ ግቡ። ይሄን ማንም አያደርገውም፣ ግን ዋናው ነው። ኒንቴንዶ ኮንሶልን ራሱን ከኦንላይን ያግዳል። የታገደ ዕቃ ከሆነ በራሳችሁ ንጹህ አካውንት ብትገቡም እገዳው አብሮት ይኖራል። ስዊች 2 ከወጣ ገና በሳምንታት ውስጥ የተቀዳ ጌም የሚያነብ ካርድ የተጠቀሙ ሰዎች ኮንሶላቸው ታግዶባቸዋል። ኢሾፕ የማይከፈት ስዊች 2 ላይ ማውረድ የሚፈልጉ ጌሞች ሁሉ ችግር ናቸው።

✅ «ሃምሳ ጌም ተጭኖበታል» ሲሏችሁ ጠይቁ። ያ ማለት ብዙ ጊዜ የተከፈተና የተነካካ ኮንሶል ነው። ዛሬ ሊሰራ ይችላል፤ ኢንተርኔት ሲያገኝ ግን ለእገዳ የተጋለጠ ነው፣ በአንድ የተሳሳተ አፕዴትም ላይነሳ ይችላል።

✅ ፊት ለፊታችሁ ሪሴት ያድርገው። የሻጩ አካውንትና የወላጅ ቁጥጥር ፒን ከዕቃው መውጣት አለበት። ፒኑን የረሳ ሻጭ ካጋጠማችሁ ተዉት።

✅ ስክሪኑን እዩ። ወደ ላይ ካበጠ ባትሪው እያበጠ ሊሆን ይችላል፤ አትግዙ። በኦሌድና በስዊች 2 ላይ ከፋብሪካ የተለጠፈ ስስ ፕላስቲክ አለ፤ የማሸጊያ ላስቲክ መስሏችሁ እንዳትልጡት። ስክሪን ጋርዱን ከላዩ ላይ ነው የምትለጥፉት።

8. ታዲያ የቱን?

▪️ ብቻዬን፣ ታክሲ ውስጥና አልጋ ላይ ነው የምጫወተው፣ በጀቴም ትንሽ ነው፦ ላይት።

▪️ ከወንድም ከእህት ጋር ሳሎን ቲቪ ላይ፦ ያገለገለ የ2019 ስዊች። ሁለቱ ጆይ-ኮኖች ለሁለት ሰው ይበቃሉ፤ ማሪዮ ካርት 8 ዴሉክስ ሰክታችሁ ወዲያው ትጀምራላችሁ።

▪️ በእጄ ብዙ ሰዓት እጫወታለሁ፣ መብራት ያስቸግረኛል፣ ኢንተርኔቴ ደካማ ነው፦ ኦሌድ።

▪️ ዋይፋይ አለኝ፣ አዳዲሶቹን ጌሞች እፈልጋለሁ፣ ለብዙ ዓመት ይቆይልኝ፦ ስዊች 2።

▪️ ኳስ ብቻ ነው የምጫወተው፦ እውነቱን እንንገራችሁ፣ የድሮው ስዊች አይመከርም። ከፊፋ 20 እስከ ፊፋ 23 ያሉት እዚያ ላይ «ሌጋሲ» በሚል የወጡ ናቸው፤ ማሊያና ተጫዋች ተቀየረ እንጂ ጨዋታው አዲስ አልነበረም። ከኤፍሲ 24 ጀምሮ ነው የተሻሻለው። ያንን ገንዘብ ያገለገለ ፕሌይስቴሽን ላይ ብታውሉት ይሻላችኋል።

የእኛ ቢጫ ላይት አሁንም አለች። ታናሻችን ትምህርት ቤት ሲሄድና ሲመለስ ታክሲ ውስጥ ይጫወትባታል፣ ለእሱ የምትሆነው ዕቃ እሷ ነበረች። እኛ ሁለታችን ግን ያዋጣነው ለሳሎኑ ነበር።

9. ለሚያመጣላችሁ ሰው የምትልኩት መልእክት

ኮፒ አድርጉና ሞዴሉን ብቻ ቀይሩ። ስሙን ካርቶኑ ላይ በእንግሊዝኛ እንዳለው ጻፉ፣ የካርቶኑንም ፎቶ አብራችሁ ላኩ።

«አክስቴ፣ የምንፈልገው ኒንቴንዶ ስዊች ኦሌድ የሚባለውን ነው። ላይት አይደለም፣ ስዊች 2ም አይደለም። ፎቶው ይኸውልሽ። ሱቁ ሌላ ዓይነት ብቻ ካለው አትግዢ፤ ካርቶኑን ፎቶ አንስተሽ ላኪልንና እንነግርሻለን። ስለምታስቢልን እናመሰግናለን።»

እኛ ይህን የላክንላት ቢሆን ኖሮ ሦስታችንም ሳሎን ነበርን። ዘመድ ሊመጣለት ያለ ጓደኛ ካላችሁ ዛሬውኑ ሼር አድርጉለት፤ ሻንጣው ከተዘጋ በኋላ ምክር አይሰራም።